በሁለት ሎሪ የተሳፈረ ዶክትሬት

ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀው ሳስብ ጥፋቱን ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ነው የማላክከው። መንገዱ ደህና የሆነበት አገር ሰው አንዱን ይመርጥና ይሄዳል። የእኛ ሰው ግን፣ የሞያሌ ሰው ማለቴ ነው፣ ያውም በኬንያ በኩል ያለው፣ ወደ ኢሲኦሎ መውረድ ሲፈልግ በሁለት ሎሪ ላይ ቦታ ይይዛል። አንደኛው ሳይነሳ ወይም ከተነሳ በኋላ መሰበሩ አይቀርማ። ሁለቱም ከተሰበሩ የአላህ ፈቃድ ነው፤ አንድ ብቻ ይዞ የተሰበረበት ግን የራሱ ጅልነት ነው። ሾፌሮቹም ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ቃል ይገባሉ። እንዲህ እየተዋሸን በሰላም እንኖራለን።

አሁን “ምን ዓይነት ሥርዓት የሌለው አገር ነው” ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰርግ ስትጠሩ ለሁለቱም “እንዴት እቀራለሁ” ብላችሁ አታውቁም? እኛ ያንኑ ነው በሎሪ የምናደርገው።

ለነገሩ በዚህ ከተማ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ነው። ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠር። ኪሳችን ውስጥም ሁለት ስልክ አለ፤ የአንዱ አገር ኔትወርክ ሲያኮርፍ በሌላው እናወራለን። የተስማማነው በሰዓት ብቻ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ለሁላችንም አንድ ሰዓት ነው። ይህን ስምምነት ያመጣው ሽማግሌ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በነበረበት ይባረክ።

እኔ ታደሰ እባላለሁ። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ድንበሩን የተሻገርኩት “ነገሩ እስኪረጋጋ አንድ ሳምንት” ብዬ ነበር። ሳምንቱ ገና አላለቀም።

ወዲያ ማዶ መምህር ስለነበርኩ ወዲህም ሙዋሊሙ ይሉኛል፤ በስዋሂሊ ያው መምህር ማለት ነው። የማስተምረው ተማሪ ግን የለኝም። ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስቀምጬ ለሰው እጽፋለሁ፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ፣ ሲገኝም የፍቅር ደብዳቤ። ኢሜይልም እከፍታለሁ። በከተማው ኢሜይል አለኝ ከሚለው ሰው አብዛኛው የከፈተው እኔ ዘንድ ነው። ፓስወርዱንም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባለቤቱማ በሩን ሳይወጣ ይረሳዋል። ሰማያዊ ደብተር አለችኝ፣ የከተማው ገመና በፊደል ተራ የተቀመጠባት። ሰው ሲመጣ “ሙዋሊሙ፣ ምን መጣልኝ?” ይለኛል እንጂ ራሱ ከፍቶ አያይም። ይህ ነገር በሌላ አገር ምን እንደሚባል አላውቅም። እኛ ጋ አደራ ይባላል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የልብ ወዳጄ ሐጂ ጀማል ነጋዴ ናቸው። ከወሎ ተነስተው እዚህ እስኪደርሱ ያልሸጡት ነገር የለም፤ አሁን ጨርቅ ከዚያ ወደዚህ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ከዚህ ወደዚያ ያመላልሳሉ፤ ጊዜ ሲያመች ከጎልቦ ቆላ ግመል ይገዛሉ። በዕድሜያቸው አንድ ሎሪ ብቻ ይዘው የሄዱበት ቀን የለም። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው “መጣን” ብለው ወጥተው እዚያው በሄዱበት ቀርተዋል። ቤት ውስጥ የቀረችው ሴት ልጃቸው ሰዓዳ ነበረች።

ሰዓዳ ናይሮቢ ሄዳ ሳይኮሎጂ ተማረች፣ ማስተርሷን ያዘች፣ ከዚያም ማንም ያላደረገውን አደረገች። ተመለሰች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከመድኃኒት መጋዘኑ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጣት፤ ሁለት ወንበር አስገብታ የሰው ጭንቀት መስማት ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሳቀባት። “ደመወዝ እየበላች ወሬ ትሰማለች” ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ግን በሯ ላይ ወረፋ ሆነ፤ ከሳቁት ውስጥ ሁለቱን ወረፋው ላይ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ስማቸውን አልናገርም። ደብተሬ ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት ለዶክትሬት አመልክታ ከደቡብ አፍሪካ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ባንድ ሰሞን “ነይ” የተባለችው። አንደኛው ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ነው፤ ሁለተኛው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ። ወጪዋን የሚችልላት ድርጅትም “የመረጥሽውን እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ አሳውቂን” ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ የቤቱ ደንብ ስለሆነ ነው።

መቼስ እኛ ሰዎች ሌላ ሌላው ቢቸግረን ምክር ቸግሮን አያውቅም። ወሬው በከተማው እንደተሰማ ሁሉም አማካሪ ሆነ። ሥጋ ሻጩ “ካውንስሊንግ ማለት ምክር ነው አይደል? ለምክር ደግሞ ዶክትሬት ምን ያደርጋል? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው፤ አለቀ” አለ። የፋርማሲው ባለቤት ክሊኒካሉ ቢያንስ መርፌ አለው ብሎ ተከራከረ። ሰዓዳ “መርፌም የለው” ብትለው “ታዲያ ምኑን ክሊኒክ ሆነ?” ብሎ ተቀየማት። ለሰሚው ግራ ነው።

እኔም ግራ ገብቶኝ ስለነበር አንድ ቀን ጠየቅኳት።

“ጋሼ፣ ካውንስሊንጉ በአብዛኛው ኑሮ ለከበደው ሰው ነው” አለችኝ። “ሐዘን የገባው፣ ትዳሩ የታመሰበት፣ ከአገሩ የተፈናቀለ። ክሊኒካሉ ደግሞ አእምሮው ራሱ ወደታመመው ሰው ያዘነብላል። ምርመራ አለው፣ ሆስፒታል ውስጥ ረጅም ልምምድ አለው። ግን መሃላቸው ላይ አጥር የለም። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ።”

ይህን ለመረዳት እንኳ ሞያሌ መኖር ይበቃል።

“ታዲያ ምኑ አስቸገረሽ?”

“ካውንስሊንጉን ተምሬ ብመለስ ሁለቱ ወንበሮች ይበቁኛል። ክሊኒካሉን የተማረ ሰው ግን ሥራው ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ነው። እዚህ የት ልሠራ?” ብላ መስኮቱን አየች። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቴን የፍየል በረት ነው። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከተማው የሚከራከረው ስለ ሁለት ትምህርት ነው፤ ልጅቷን የጨነቃት መመለስና መቅረት ነበር።

ሐጂ ጀማልን የጠየቀ ሰው ግን ምንም ጭንቀት አያገኝባቸውም። “ክሊኒካል!” ይላሉ፣ ቃሏን እንደ ግመል ስም ረገጥ አድርገው። “ዶክተር ማለት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ነው። ልጄ የሆስፒታል ዶክተር ትሆናለች።” ይህን በመስጊድ በር አሉ፣ በከብት ገበያ አሉ፣ የጉምሩኩን ሹም እንኳ አስቁመው አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ የኋላ ኋላ መመለሻ አጡ።

የመጨረሻው ዓርብ በደረሰበት ሳምንት ሰዓዳ ለሥራ ኦቦ ወደምትባል ሩቅ መንደር ሄደች። “ማክሰኞ ሄጄ ሐሙስ እመጣለሁ፣ ዓርብ ጠዋት እጽፍላቸዋለሁ” ብላን ነበር። ረቡዕ ዝናብ መጣ። በዚህ አገር ዝናብ ሲለመን ይከርምና ሲመጣ መንገዱን ይዞ ነው የሚሄደው። ሐሙስ አልመጣችም። ስልክ ኦቦ አይደርስም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ጀማል ጥምጥማቸውን ሳያስተካክሉ ሱቄ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

“ሙዋሊሙ፣ ዛሬ አይደል የሚያልቀው?”

“ዛሬ ነው፣ ሐጂ።”

“ለሁለቱም እሺ በልልኝ። ስትመጣ አንዱን ትተወዋለች።”

“ሐጂ፣ ሁለት ዛፍ ልውጣ ያለ እግሩ ተሰነጠቀ ይባላል እኮ።”

“እኔ ዛፍ መች አልኩ? ሎሪ ነው ያልኩት።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ። በልጅቷ ስም፣ በልጅቷ አድራሻ፣ ልጅቷ ሳታውቅ መጻፍ ነውር መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ምንም ሳይላክ ከዋለ ቦታው ሊሰጥባት ነው፣ የጨነቀው ደግሞ እርጉዝ ያገባል። አፌ “እንዴት ይሆናል” ሲል እጄ መሳቢያውን ከፍቶ ሰማያዊ ደብተሬን አውጥቶ ነበር።

የክሊኒካሉን ቆመው አስጻፉኝ። “‘ጥሪያችሁን ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ’ በል። በቃ። ላከው።” ላክሁት።

የካውንስሊንጉ ላይ ሲደርሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። “‘ይህ ትምህርት ለአገሬ ሰው የሚጠቅም ነው’ በል” አሉኝ። ጻፍኩ። “‘ከተማዬ ትንሽ ናት፣ ብዙ ነገር አትፈልግም፣ ሁለት ወንበር ይበቃታል’ በል።” ጻፍኩ። “‘እናቴ ያረፈችው እዚህ ነው’ በል።”

“ሐጂ፣ እሺ ለማለት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?”

“አሳምረህ ጻፈው ነው የምልህ። ‘ስጨርስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ’ በል።”

አልገባህም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ገብቶኛል። ግን ጸሐፊ ነኝ፤ የታዘዝኩትን ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ጻፍኩ። እንዲያውም ከራሴ አንድ ሁለት ቃል ጨመርኩበት። ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያማረው እሱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ለራሴ ጉዳይ ጽፌው አላውቅም።

ሰኞ መልስ መጣ። ከዩኒቨርሲቲዎቹ እንዳይመስላችሁ። ወጪ ከሚችለው ድርጅት ነው። “ከአንዲት አመልካች፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለሁለት ቦታ እሺታ ደርሶናል። እስከ ዓርብ በቂ ማብራሪያ ካላገኘን ሁለቱም ቦታዎች ለተጠባባቂ ይሰጣሉ” ይላል። ደብዳቤው ቁጣ እንኳ የለውም። ቁጣ ቢኖረው መለማመጥም ይቻል ነበር።

ሐጂ ጀማልን አስጠርቼ ነገርኳቸው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የተለያዩ ቢሆኑም ከፋዩ አንድ መሆኑን፣ ሁለቱም እሺታ እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈ አስረዳኋቸው። ግንባራቸውን ይዘው አሰቡ።

“ሁለቱም ሎሪ የአንድ ሰው ናቸው ነው የምትለኝ?”

“እንደዚያ ነው፣ ሐጂ።”

“ይሄንን መጠየቅ ነበረብን” አሉ። እውነታቸውን ነው። በሠላሳ ዓመት ንግድ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርተው አያውቁም።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ያቺ ልጅ ያላት አንድ ዕድል ነው፤ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘናት በአፈር ተጫወትንባት። ማክሰኞን እንዴት እንደዋልኩ አላስታውስም። የአንዱን አቤቱታ ከሌላው ውል ጋር ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጥቼ ሁለት ሰው ተጣልቶኛል። ለድርጅቱ ራሴ ማብራሪያ ልጽፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ከተበላሸ በኋላ በልጅቷ ስም እንደገና መጻፍ ምን ይሉታል?

ረቡዕ በሞተር ብስክሌት ጀርባ መጣች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። ቤቷ እንኳ ሳትደርስ ነው ሱቄ የገባችው። ዓርቡ እንዳለፈባት ታውቃለች፤ መንገድ ላይ ስታለቅስ እንደመጣች ዓይኗ ይናገራል።

“ምን መጣልኝ፣ ጋሼ?” አለችኝ፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ።

አትሜ ያስቀመጥኩትን ወረቀት ሰጠኋት። አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

“ማነው የጻፈው?”

“እጁ የእኔ ነው።”

“አፉስ?”

ወደ በሩ አየሁ። ሞተሯ ስትገባ ያዩ ሐጂ ጀማል በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገብተው ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ደግሞ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሰዓዳ የተላኩትን ሁለቱን ደብዳቤዎች አትምልኝ አለችኝ። አተምኩ። የክሊኒካሉ አንድ መስመር ነው። የካውንስሊንጉ ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ሊዞር ትንሽ ነው የቀረው። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገቻቸው።

“አባ፣ ሰው ፊት የምትለው ክሊኒካል አይደል?”

“አዎ። ከተማው ሁሉ ያውቃል።”

“ይሄኛው ታዲያ ለምን ረዘመ?”

ሐጂ ከዘራቸውን አገላበጡ። እሷም አልደገመችም። ዝም አለች። የዚህችን ልጅ ዝምታ ቀምሳችሁት ስለማታውቁ ነው እንጂ ዝም ስትል ለእንግዳ ወንበር እንደምታቀርብ ነው፤ አልቀመጥም ማለት አትችሉም። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ “ሰዓዳዬ፣ እኔ እኮ እዚህ አገር የመጣሁት ለአንድ ሳምንት ነበር፣ የእናቴን ቀብር እንኳ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ጋሼ፣ ያንተን ነገ” አለችኝ። ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሳችም።

በመጨረሻ ሐጂ ተናገሩ። “ወንድሞችሽ ሲሄዱ ‘በዓመታችን’ ብለው ነበር። እናትሽ በር በሩን እያየች ነው የሞተችው። ሰው ፊት ክሊኒካል እላለሁ፤ አባት ልጁን አስቀረ እንዳልባል ነው። ቤት ስገባ ግን ካውንስሊንግ ይሁንላት ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ። ብቻዬን መቅረት እፈራለሁ፣ ልጄ። ይኸው ነው።”

ሐጂ ጀማል ሽፍታ ያስቆማቸው፣ ግመል በድርቅ ያለቀባቸው፣ የሁለት አገር ጉምሩክ የተፈራረቀባቸው ሰው ናቸው። “እፈራለሁ” ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ ለምን ኦቦ እንደሄደች ነገረቻቸው። እዚያ አንዲት ሴት አለች። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይጠራታል፤ ድምፁን ተከትላ ጫካ ትገባለች፣ ቀናት ትጠፋለች። ቤተሰቦቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዳትጠፋባቸው እግሯን ከጎጆው ምሰሶ ጋር በገመድ አስረዋታል፤ ገመዱ እንዳይልጣት ደግሞ ጨርቅ ጠቅልለውበታል። ሰዓዳ ለወራት እየተመላለሰች አጠገቧ ተቀምጣለች።

“ሰማኋት፣ አባ። የማውቀው መስማት ነው፣ ሰማኋት። ግን የእሷ መድኃኒት መሰማት ብቻ አልነበረም። ምን እንደሆነች ለሐኪም በስሙ መንገር አልቻልኩም። ገመዱን ፍቱ እንዳልላቸው፣ ከፈቱስ በኋላ ምን እንደማደርግላት አላውቅም። ዝናቡ ይዞኝ ቤታቸው የዋልኩ ጊዜ ያንን ጨርቅ ሳይ ነው የወሰንኩት። ዓርብ ብደርስ ኖሮ የምጽፈው ክሊኒካሉን ነበር።”

ሐጂ ጨርቁ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደነበረ ጠየቁ። አበባ ያለበት ቀይ አለቻቸው። “ከእኔ የተገዛ ነው” አሉ ቀስ ብለው። ኦቦ ድረስ ጨርቅ የሚያደርሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው።

“ትመለሻለሽ?”

“አላውቅም፣ አባ። ብዋሽህ ደስ ይልሃል?”

“ትንሽ” አሉ።

አልዋሸቻቸውም። ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱና “ወንድሞችሽ ዋሽተውኝ ሄዱ። አንቺ ሳትዋሺኝ ሂጂ። ጻፊ፣ ክሊኒካሉን” አሏት። እኔ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ። ሰዓዳ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ከወንበሬ አስነሳችኝና ራሷ ተቀመጠች።

የጻፈችው አጭር ነው። ክሊኒካሉን እንደመረጠች፣ ሁለቱን እሺታ የላከው አባቷ እንደሆነ፣ አባቷ ነጋዴ መሆኑንና በእነሱ መንገድ ላይ አስተዋይ ሰው ሁልጊዜ በሁለት ሎሪ ቦታ እንደሚይዝ፣ ማታለል እንዳልሆነና ፍርሃት እንደሆነ አስረዳች። የእኔን ስም አላነሳችም። ይህን ውለታ አልረሳም። ከዚያ “ጋሼ፣ ፓስወርድ የሚቀየረው የት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። በከተማው ፓስወርዱን የቀየረ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ሳለሁ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩ።

መልሱ የመጣው ዓርብ ሊመሽ ሲል ነው። ሐጂ ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ሙስባሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ሰዓዳ ራሷ ከፈተችው። የካውንስሊንጉ ቦታ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። የክሊኒካሉ ጸንቶላታል። ከእንግዲህ ማንኛውም ደብዳቤ ከራሷ ከአመልካቿ ብቻ እንዲመጣ በጥብቅ ያሳስባል። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ የሎሪው ጉዳይ ለኮሚቴው ሙሉ በሙሉ እንደተነበበ ይገልጻል።

“ምን አሉ ስለ ሎሪው?” አሉ ሐጂ።

“ተነበበ ነው የሚሉት።”

“ጥሩ ነው። ይማሩበት” አሉና አለቀሱ። ሰዓዳም አለቀሰች። እኔ ማተሚያው ላይ ወረቀት የምጨምር መሰልኩ።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም ሎሪዎቹ የሚቆሙበት ነበርን። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሎሪ ይዘዋል ብዬ ስለማውቅ የትኛው ይነሳል ብዬ ዓይኔን አማተርኩ። ሰዓዳ ወደ ኢሲኦሎ የሚወርደው የከብት ሎሪ ጋቢና ውስጥ ገባች። ሐጂ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ራሷን ይዘው ዱዓ አደረጉላት። ሎሪው አቧራውን አልብሶን ሄደ። እኚያ ጨርቅ ሻጭ ሰው አቧራው እስኪጠፋ ቆመው አዩ።

ከዚያ ሐጂ ዞር ብለው ወደ ሌላኛው ሎሪ አመሩ። ተከተልኳቸው። ጉዮ የሚባል የቦረና ሰው የሚነዳው፣ የራሱ የሆነ ሎሪ ነው። ከኢሲኦሎ ገና መግባቱ ነው፤ ዱቄት እያራገፉበት ነበር።

“ሐጂ፣ ይሄኛው እኮ ከታች የመጣ ነው” አልኳቸው። “ፊቱ ወዲህ ነው።”

“አውቃለሁ። የያዝኩት ለመመለሻዋ ነው።”

ጉዮ ከጋቢናው ወረደና የቱን ወንበር እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን፣ የመስኮቱን አሉት። ለመቼ ነው አላቸው።

“ስትመጣ።”

ጉዮ ሐጂን አየ፣ እኔን አየ፣ መንገዱን አየ። “ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ” አለ፣ ጥድፊያ በረከት የለውም ማለቱ ነው። ከዚያ በቦረና አፍ “ቶሌ” አለ፣ እሺ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ቃል በሚገባበት አገር ያንን ወንበር ለሌላ ሰው ቃል ገብቶበት አያውቅም። ሰው ያስቀምጥበታል፤ ግን ሲያስቀምጥ “የሰው ነው፣ ከመጣች ትነሳለህ” ብሎ ነው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። የሰዓዳን ኢሜይል እኔ አልከፍተውም፤ አሁን ለሐጂ በስልክ ትደውልላቸዋለች። ሆስፒታል ውስጥ ናት፣ ደህና ናት፣ እመጣለሁ እስካሁን አላለችም፣ አልመጣምም አላለችም። የኦቦዋን ሴት በእሷ ምክር ወደ ታች ሆስፒታል ወስደዋት ገመዱ ተፈቷል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ አንዳንዴ ይታሰራል።

ባለፈው ወር ጉዮ ጉልበቱን ስላመመው ሎሪውን ሸጠ። ገዢው ከወዲያኛው ወረዳ የመጣ፣ ሰዓዳን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉዮ እንደ ደንቡ የመኪናውን ጉድለት አስመዘገበ፤ የኋላ ጎማዎቹ አርጅተዋል፣ ፍሬኑ ይጮኻል፣ የግራው በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። እኔ ልጨርስ ስል “ቆይ” አለኝና አራተኛ ቁጥር አስጨመረኝ። ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የመስኮት ወንበር የሐጂ ጀማል ልጅ ነው፤ ቀኑ አልተወሰነም።

ገዢው ውሉን አነበበ። አራተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ “ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው?” አለኝ።

“አራት ዓመት” አልኩት።

ጥቂት አሰበና ስለ ፍሬኑ ትንሽ ተከራክሮ ፈረመ።